እትዬ አለሚቱ የፈረሙበት አቤቱታ

እኛ የመርካቶ ሰዎች ለተቸገረ ደግ ነን። በረንዳችን ላይ ላስቲክ ዘርግቶ ለሚያድር ሰው ከምሳችን እናካፍለዋለን፣ ያረጀ ሹራባችንን እንሰጠዋለን፣ ሁለት ቀን ከጠፋም «የት ሄደ?» ብለን እንጠይቃለን። ይኸው ሰው አንድ ቀን የበር ቁልፍ ይዞ ጎረቤታችሁ ልሁን ሲል ግን ደግነታችን በድንገት ሥራ ይበዛበታል።

እትዬ አለሚቱ ራጉኤል አጠገብ፣ አንድ ጨርቅ ቤት በረንዳ ላይ አሥራ ምናምን ዓመት የኖሩ ሴት ናቸው። አምና አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ኪራያቸውን ሊከፍልላቸው ወስኖ እኛ ግቢ አንዲት ክፍል አገኘላቸው። ግቢው ታመሰ። ሌባ ይከተላቸዋል ተባለ። ትኋን ይዘው ይገባሉ ተባለ፤ የግቢያችን ትኋን ከሁላችንም የቀደመ ነባር ነዋሪ መሆኑን ማንም አላነሳም። እሳቸው እንደገቡም የፕላስቲክ ዕቃ አከፋፋዩ ጋሽ ሸምሱ «ይነሱልን ብለን ለወረዳው አቤቱታ እናስገባ» አሉ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ተብሎ ጸሐፊው እኔ ሆንኩ። እምቢ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።

ከጋሽ ሸምሱ ጋር ፊርማ ለማሰባሰብ በየበሩ ዞርን። የእትዬ አለሚቱን በር ኮቴያችንን አጥፍተን ልናልፍ ስንል ከፍተው ብቅ አሉ።

«የግቢው ሰው ሁሉ እየፈረመ አይደል? እኔን ለምን ዘለላችሁኝ?»

ተያየን። «ስለ... ስለ ቱቦው ነው» አሉ ጋሽ ሸምሱ፣ የወረቀቱን ጽሑፍ በሰፊ መዳፋቸው ሸፍነው። በራችን ላይ የፈነዳ የፍሳሽ ቱቦ ነበረን፤ ከመልመዳችን የተነሳ ረስተነዋል።

«እውነታችሁን ነው። እኔ በረንዳ ላይ ሳለሁ እንኳ እንዲህ ያለ ሽታ አላየሁም» ብለው እስክሪብቶውን ተቀበሉ። ስማቸውን እስከ አያታቸው ድረስ፣ ፊደል በፊደል ጻፉ። «ስሜን ከጻፍኩ ስንት ጊዜዬ። የሚጠይቀኝም አልነበረ» አሉ።

ጋሽ ሸምሱ ጥግ እንደዞርን ወረቀቱን ቀደዱት። «ሴትዮዋን በገዛ ፊርማቸው ላስወጣቸው? አላህ አያይም? ሂድ፣ ስለ ቱቦው ጻፍ።»

ጻፍኩ። ጎረቤቱም ጉዱን ሲሰማ መጀመሪያ አፈረ፣ ቀጥሎ ሳቀ፣ በመጨረሻ ፈረመ። ለእትዬ አለሚቱ የፊተኛው ወረቀት ውሃ ነካው ብለን ድጋሚ አስፈረምናቸው፤ እሳቸው እንኳን ሁለቴ፣ አሥሬም ቢሆን ደስ ባላቸው።

ወደ ወረዳውም አብረውን ሄዱ። «ሌላ ቀን ተመለሱ» ስንባል እኛ ተመለስን፣ እሳቸው ተቀመጡ። «መቀመጥ እንደሆነ እችልበታለሁ» አሉ። በማግስቱም ሄደው ተቀመጡ፣ በሦስተኛው ቀንም። ሠራተኛውን ሁሉ በስሙ እየጠሩ፣ የልጆቹን ደህንነት እየጠየቁ። በአራተኛው ቀን ቆፋሪዎች መጡ። ቱቦው ሲጠገን እኔና ጋሽ ሸምሱ እንደ ሙሽራ አጃቢ በጭብጨባ ልንሞት ነበር።

ይህን የሰማ የጎረቤት ግቢ ባለፈው ሰሞን ድርጅቱ ዘንድ ሽማግሌ ልኮ «ባዶ ክፍል አለችን፤ እንደ እትዬ አለሚቱ ያለ ሰው ስጡን» አለ። ድርጅቱም አንድ አዛውንት ሰጣቸው። ሰውዬው ከገቡ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ይተኛሉ። የእነሱ የመብራት ቆጣሪ እንደተቃጠለ ነው፤ ቅር ብሏቸዋል።

ምን ይደረግ፤ ቤት የተሰጣቸው እኮ ሊተኙበት ነው።