መሪጌታ ሦስት የሆኑበት የሰርግ ቪዲዮ

ፍኖተ ሰላም ላይ ቪዲዮ ቤት ያለው ሙሉቀን፣ የቡሬውን መሪጌታ ጥበቡን ሦስት ቦታ ከፈላቸው። አትደንግጡ፤ በመጥረቢያ አይደለም፣ በኮምፒውተር ነው። መሪጌታ ግን በመጥረቢያ ቢሆን ይሻላቸው እንደነበር ለሰሚ ሁሉ ተናግረዋል። "በመጥረቢያ የተከፈለ ቢያንስ ይቀበራል" ብለው።

የሰው ልጅ ነገር እየገረመኝ ነው የኖርኩት። ቴሌቪዥን ቤታችን የገባ ሰሞን ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ቀዩ ከሰማያዊው ይለያያል፣ የዜና አንባቢው አፍንጫ ከፊቱ ቀድሞ ይሄዳል። ባለቤቴ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ያዞራል፤ እኔ ከታች "መጣ! መጣ!... ኧረ ሄደ!" እላለሁ። የትዳራችንን የመጀመሪያ ዓመት ግማሹን በዚህ ጨረስነው። ከዚያ በስንት መከራ ምስሉ ጠርቶ ቀጥ ብሎ ቆመልን። ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? የአዲስ አበባ ልጆች ተነሡና የጠራውን ምስል መልሰው የሚያበላሹበትን ዘዴ አመጡ። "ኢፌክት" አሉት። የተበላሸ ነገር የእንግሊዝኛ ስም ካገኘ ፋሽን ነው። ፋሽኑም እየተጎተተ ደብረ ማርቆስ ገባ፤ ከደብረ ማርቆስ ጅጋን አልፎ እኛው ዘንድ ደረሰ።

የሰርግ ቪዲዮ የሚያይ ሰው ሙሽሮቹን የሚያይ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ የዋህ ናችሁ። ሁሉም የሚፈልገው ራሱን ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ አንገቱን አስግጎ፣ እግሩ እስኪደነዝዝ ቁጭ ብሎ፣ የራሱ ትከሻ ብቅ ሲል "ያው እኔ!" ለማለት ነው። አንዲት ጎረቤቴ በእህቷ ልጅ ሰርግ ላይ ጀርባዋ ብቻ ስለወጣ ክረምቱን ሙሉ አኩርፋ ከርማለች። እና እኔም ጥር ላይ ልጄን ማስተዋልን ለቡሬ ልጅ ስድር፣ ሙሉቀንን ጠርቼ "አደራህን፣ ከማንም ሰርግ እንዳታሳንሰኝ" አልኩት።

"እቴቴ፣ አሁን በወጣው ነው የምሠራልዎ" አለኝ።

"በወጣው ሥራው" አልኩት፤ ምን እንደወጣ ሳልጠይቅ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይሉ የለ።

ከሰርጉ ሁለት ሳምንት በኋላ ሁለት ሲዲ ደረሰኝ። አንዱን ለራሴ አስቀርቼ ሌላውን ሳላየው ወደ ቡሬ ሰደድኩ። መብራት በፈረቃ ስለነበር የእኛ ተራ እስኪደርስ የቡሬዎቹ ቀድመው አዩት። በማግስቱ ማስተዋል ደወለች።

"እማ፣ አባባ እህል አልቀምስም አሉ።"

አባባ የምትላቸው የባሏን አያት፣ መሪጌታን ነው።

"የት ነው የማይቀምሱት?"

"እኔ ቤት። ምርቃቴ ተበትኗል፣ እስኪሰበሰብ ድረስ ከዚህ ቤት ውኃ አልጠጣም አሉ። አማቴም ከሳቸው አልቀድምም ብለው ቀሩ።"

ወዲያው መብራት ያለበት ቤት ፈልጌ አየሁት። በእኛ አገር ምርቃት መላሽ ይፈልጋል፤ ሽማግሌው አንድ ሲል ሕዝቡ "አሜን" እያለ ይቀበለዋል። መሪጌታም ዳሱ መሐል ቆመው "ጎተራችሁ አይጉደል!" ይላሉ። አሜን! ሲባል መሪጌታ ይሰነጠቃሉ። "ወልዳችሁ ሳሙ!" አሜን! ደግመው ይሰነጠቃሉ። ቀዩ መሪጌታ ወደ ግራ፣ ሰማያዊው መሪጌታ ወደ ቀኝ፣ አረንጓዴው መሐል ቆሞ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። እኒህ ዕድሜያቸውን ሙሉ ምሥጢረ ሥላሴ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። "ሦስትነት የማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የእኔ እንዳልሆነም አውቃለሁ" አሉ አሉ።

ሳቄ መጣ፤ ግን ልጄ ትዝ አለችኝ። ምርቃት አልያዘላትም የተባለች ሙሽራ ምን እንደሚጠብቃት ታውቃላችሁ። ልጅ ቢዘገይ በሷ ነው። ላም ብትጨነግፍ በሷ ነው። የጎረቤት ጠላ ቢበላሽም፣ "ያቺ ሙሽራ ከመጣች ወዲህ እኮ..." መባሉ አይቀርም።

ነጠላዬን አጣፍቼ ሙሉቀን ዘንድ ከተፍ አልኩ።

"አንተ! መሪጌታን ምን አደረግሃቸው?"

"እቴቴ፣ ዘመናዊ ነው እኮ። ድምፅ ከፍ ባለበት ሁሉ አስገባዋለሁ፣ ከምቱ ጋር እንዲሄድ።"

"አሜን ምት ነው?"

"ለኮምፒውተሩ ምት ነው።"

መከራከሩን ትቼ ከጎኑ ተቀመጥኩና አሳየኝ አልኩት። እውነቴን ነው፣ ነገሩ ደስ ይላል። ለካ ምስል ማለት ሦስት ስስ ቅጠል ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ። ልክ በልክ ሲደራረቡ ሰው ይሆናሉ። አንዱን ገፋ፣ አንዱን ሳብ ሲያደርጓቸው ደግሞ ጥለቱ ከነጠላው ተፈትቶ ለብቻው ገበያ የሄደ ይመስላል። ከሥሩ ቁጥር አለው። ቁጥሩ ሲጨምር ቀለሞቹ ይኳረፋሉ፤ ሲቀንስ ይታረቃሉ፤ ዜሮ ላይ ሰው አንድ ይሆናል።

"ዘፈኑ ላይ አምስት ነው ያደረግሁት" አለ ሙሉቀን።

"መሪጌታስ ላይ?"

አቀረቀረ። "አርባ።"

"አርባ! ምን አድርገውህ ነው?"

"እሳቸው ምንም አላደረጉኝም። እቴቴ፣ ለእርስዎ ብዬ ነው።"

ይሄ ደግሞ ጥፋቱን እኔ ላይ ሊለክክ ነው ብዬ አፌን ስከፍት፣ ቁጥሩን ይዞ ወደ ዜሮ ጎተተው። መሪጌታ ተሰበሰቡ። ጺማቸው ጺም ሆነ፣ ጋቢያቸው ነጣ። ከትከሻቸው ጀርባ ደግሞ እኔ ወጣሁ።

እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ሕዝቡ ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሜን ሲል፣ እኔ ፊቴን ወደ አስተናጋጆቹ አዙሬ፣ አንድ ጣቴን ቀስሬ፣ የሙሽራውን አጃቢዎች በአገጬ እየጠቆምኩ "አንድ አንድ ቁራጭ ብቻ!" እላለሁ። ድምፄ አይሰማም፤ ከንፈሬን ግን ዕውር ካልሆነ በቀር ሁሉም ያነበዋል። መሪጌታ በዚያች ሰዓት ምን እያሉ እንደነበር ልንገራችሁ? "ማዕዳችሁ ይስፋ!"

እስቲ ፍረዱኝ። ከሙሽራው ጋር ሃምሳ ሰው ሊመጣ በሽማግሌ ተነጋግረን ነበር። ሰማንያ መጡ። ሥጋውን ያስከተፍኩት ለሃምሳ ነው። ሌላ ሴት ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?

"አርባ ላይ ሳደርገው" አለ ሙሉቀን እያፈረ፣ "ጣትዎም ሦስት ትሆናለች። ሦስት ሦስት ቁራጭ ስጧቸው ያሉ ይመስላል።"

ይህን ልጅ ልስመው ወይስ በጥፊ ልበለው? አዋረደኝ ብዬ የመጣሁበት ሰው ገመናዬን ሸፋኝ ሆኖ አረፈ!

"እንግዲያው እሳቸውን ብቻ ሰብስብና እኔን እንዲሁ ተወኝ" አልኩት።

"አይሆንም እቴቴ። ከሳቸው ትከሻ ጀርባ ነው የወጡት፤ ቁጥሩ ለሁለታችሁም ነው።"

"ቁረጠዋ!"

"ከቆረጥኩት አንድ ምርቃት ይጎድላል። መሪጌታ ደግሞ የራሳቸውን ምርቃት ይረሳሉ?"

አይረሱም። መጽሐፍ በቃላቸው የሚወጡ ሰው ናቸው።

በዚያ የግምገማ ዘመን ግለ ሂስ የሚሉት ነገር ነበር። በየስብሰባው ሰው እየተነሣ ጥፋቱን በገዛ አፉ ይናዘዛል፣ ሌላው ያጨበጭባል። እኔ ከአጨብጫቢዎቹ ወገን ስሆን በጣም እወደው ነበር። አሁን ተራው የኔ ሆነና፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለላትን ሴት አዘንኩላት። ስስታም መባል ያሳፍራል፤ ያውም ዘመድ ፊት። ግን ስስታም የምባለው እኔ ነኝ። ገፊ የምትባለው ልጄ ናት።

"ዜሮ አድርገው" አልኩት።

ሲዲውን በብብቴ ይዤ ቡሬ ወረድኩ። ማስተዋል ቤት መሪጌታ መደቡ ላይ፣ አማቷ እትዬ አትጠገብ ከጎናቸው፣ ዘመድ አዝማዱ በየጥጉ ተቀምጧል። ቪዲዮው ተከፈተ። "ጎተራችሁ አይጉደል!" አሜን! መሪጌታ አንድ ናቸው። "ወልዳችሁ ሳሙ!" አሜን! አሁንም አንድ። "ማዕዳችሁ ይስፋ!" ሲባል እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

መሪጌታ ራሳቸውን ነው የሚያዩት። እስኪጨርሱ ከንፈራቸው አብሮ ሲመርቅ ቆየና "ተሰበሰበ" አሉ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረው "በይ ልጄ፣ ያለሽን አቅርቢ፤ እርቦኛል" አሏት። ማስተዋል ሞሰቡን አቀረበች። መጀመሪያ የቆረሱትን እሷን አጎረሷት። እኔም ትንፋሼን ለቀቅኩ።

ቸኩዬ ኖሯል።

"እስቲ መልሱልኝ" አሉ እትዬ አትጠገብ። "ከአባባ ኋላ ያለችውን።"

መለሱላቸው። አቆሙላቸው። ቴሌቪዥኑ ላይ እኔና ጣቴ ቀጥ ብለን ቆምን።

"እትዬ ይርገዱ፣ ይቺ ጣት ምን ትላለች?"

የመሪጌታ ጉርሻ አየር ላይ ቀረ። ልጄ በዓይኗ "እማ፣ አንድ ነገር ፍጠሪ" ትለኛለች። መንገድ ላይ "እግዚአብሔር አንድ ነው ማለቴ ነው" የምትል ሰበብ ቀምሬ ነበር የመጣሁት፤ ግን መሪጌታ ፊት በእግዚአብሔር መነገድ አልሆነልኝም። ስለዚህ ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሣሁና እንዲህ አልኳቸው፦

"አንድ አንድ ቁራጭ ብቻ ስጧቸው ነው የምትል፣ እትዬ አትጠገብ። ሃምሳ ሆነን እንመጣለን ብላችሁ ሰማንያ ሆናችሁ መጣችሁ፤ ሰው ማብዛቱን የጀመረው የእርስዎ ወገን ነው እንጂ፣ ሙሉቀን በከንቱ ነው የታማው!"