ለክቡርነታቸው የተመረጠው ከባድ መንጠቆ

መሥሪያ ቤታችን ቀላል ነገር አይወድም። ቀላል ነገር ቢያጋጥመው እንኳ ኮሚቴ አቋቁሞ ያከብደዋል። የመንጠቆ ጉዳይ በመጣ ጊዜም በወጉ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔም ቃለ ጉባኤ እንድይዝ ተመረጥኩ። ስለዚህ የምናገረው ሁሉ በፊርማ የተረጋገጠ ነው።

ነገሩ የጀመረው የእኛ መምሪያና የጎረቤታችን መምሪያ ሊዋሃዱ ነው በተባለ ሰሞን ነው። ከሁለቱ ኃላፊዎች አንዱ ወንበሩን ይዞ ይቀራል፤ ሌላው አማካሪ ይሆናል። አማካሪ ማለት በእኛ ቤት ማንም የማያማክረው ሰው ማለት ነው። የሚወስኑት ክቡርነታቸው፣ የሁለቱም የበላይ፣ ዓሣ ማጥመድ እንደሚወዱ ከሾፌራቸው አፍ ተሰማ። ኃላፊያችን እስከዚያች ቀን ዓሣ የሚያውቁት ከነቆርቆሮው ነበር። ከሰዓት በኋላ ግን የዓሣ ፍቅር ጸናባቸው፤ በማግስቱም ክቡርነታቸውን፣ ሁለቱን መምሪያዎችና ሐይቁን የሚያገናኝ የቅዳሜ መዝናኛ ቀን አወጁ።

ማጥመጃው ጣት የሚያህል፣ ትል መሳይ ለስላሳ ፕላስቲክ ነው። እሱ ብቻውን እንደ ላባ ስለሚቀል ሆዱ ላይ እርሳስ የፈሰሰበት መንጠቆ ይገባበታል። እርሳሱ በከበደ ቁጥር ቶሎ ይሰምጣል። ግዥ ክፍል «እርሳስ ያለው መንጠቆ» የሚል ጥያቄ ሲደርሰው፣ «ባለ ላጲስ ነው ወይስ ያለ ላጲስ?» ሲል በጽሑፍ ማብራሪያ ጠየቀ። በዚህ አንድ ሳምንት ሄደ።

የክብደቱ ምርጫ ግን ከሁሉ የላቀ ብስለት የታየበት ነበር። ኮሚቴው በአራተኛው ስብሰባው መንጠቆ እንደ ማዕረግ እንዲደለደል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ለክቡርነታቸው ዐሥራ አራት ግራም፣ ለሁለቱ ኃላፊዎች ዐሥር ዐሥር፣ ለቡድን መሪዎች ሰባት፣ እንዲህ እያለ ወርዶ ወርዶ መዝገብ ቤት ሲደርስ አንድ ግራም ቀረ።

የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ በዕድሜ ሁላችንንም ትበልጣለች፤ በደረጃ ሁላችንም እንበልጣታለን። እትዬ መዝገብ ነው የምንላት። ያን ዕለት ፋይል ልታስገባ መጥታ ድልድሉን ሰማችና ቆም አለች።

«ሐይቁ እኮ ወገብ አይሞላም» አለች። «ውስጡ ሣርና ጭቃ ነው። ከባዱ ቀጥ ብሎ ይቀበራል። ቀላሉ ግን ሣሩን እየዳበሰ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ዓሣውም የሚመጣው ለሱ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሃያ ዓመት እዚያ አጥምዷል።»

«እትዬ» አሉ ኃላፊያችን፣ «ለክቡርነታቸው ቀላል ነገር ሰጥተን ቀላል ሰዎች እንባል?»

«እኔማ ዓሣው ማዕረግ አይጠይቅም ብዬ ነው።»

ኃላፊያችን ወደ እኔ ዞሩ። «አስተያየቱ ከደረጃ በታች መሆኑ ይመዝገብ።»

መዘገብኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሐይቁ ዳር እንደ ማዕረጋችን ተደረደርን። ክቡርነታቸው ዘንጋቸውን ወደ ኋላ አንስተው ወረወሩ፤ አጨበጨብን። መንጠቆው ጡብ ይመስል ሰመጠ፤ ለዚህም አጨበጨብን። ጥቂት ቆይተው ሳብ ሲያደርጉ ዘንጉ እንደ ቀስት ጎበጠ።

«ያዝኩ!» አሉ።

«ገና ሲያይዎት ነው የመጣው!» አሉ ኃላፊያችን።

«ዐሥር ኪሎ አያንስም!» አሉ የጎረቤቱ ኃላፊ።

«ምን ዐሥር? ዐሥራ አምስት!»

ክቡርነታቸው ይስባሉ፣ ዘንጉ ይጎብጣል፣ ዓሣው ንቅንቅ አይልም። ግማሽ ሰዓት ሄደ። «ጨዋ ዓሣ ነው፣ አይንፈራገጥም» ተባለ። አንድ ሰዓት ሞላ፤ ዓሣው ሃያ አምስት ኪሎ ገባ። በዚህ መሐል እትዬ መዝገብ ከመስመሩ ጫፍ በአንድ ግራሟ ሦስት ዓሣ አውጥታለች። ቡድን መሪዋ «ከክቡርነታቸው ቀድመሽ ምን ነካሽ!» ብሎ ዓሣዎቹን በጆንያ ሸፈነባት።

ኃላፊያችን ታሪክ የሠሩት ይሄኔ ነው። ከነሱፋቸው ውሃው ውስጥ ገቡ፤ እውነትም ወገብ አይሞላም። ክሩን ተከትለው ሄደው ጎንበስ አሉ፤ እጃቸውን ሰደዱ፤ ጭቃ ዳሰሱ። ቀና ብለው ክቡርነታቸውን አዩ። ለአፍታ እውነቱን የሚናገሩ መስሎኝ ስለ እሳቸው ፈራሁ።

«አየሁት!» ብለው ጮኹ። «ዓይኑ የሻይ ብርጭቆ ያክላል!»

ጭብጨባው ሐይቁን አናወጠው። እኔም ሳጨበጭብ መዳፌ ተቃጠለ።

ሁለተኛው ሰዓት ሲጋመስ የክቡርነታቸው ፊት በርበሬ መስሏል፤ ጣቶቻቸው ተልጠው ደም ይዘዋል። እትዬ መዝገብ ከጫፍ ሆና ስታይ ቆይታ አንጀቷ አልቻለም። ዘንጓን አስቀመጠች፤ ኃላፊዎችን፣ ቡድን መሪዎችን፣ እኔንም እያለፈች መጥታ አጠገባቸው ቆመች።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የያዙት መሬት ነው። እጅዎ አለቀ፤ ክሩን ልቁረጥልዎ?»

ጭብጨባው በእንጥልጥል ቀረ። ክቡርነታቸው እሷን አዩ፣ ዘንጉን አዩ፣ ሐይቁን አዩ።

«መሬት መሆኑንማ አውቃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ማን ደፍሮ እንደሚነግረኝ ለማየት ነው።»

«እኛም አውቀን ነበር!» አሉ ሁለቱ ኃላፊዎች በአንድ አፍ።

«አውቃችሁ ነበር?»

«ገና ሲጥሉት!» አሉ ኃላፊያችን፣ ውሃው ውስጥ እንደቆሙ።

«ታዲያ አንተ ያየኸው ዓይን የማን ነው?»

ኃላፊያችን ወደ ጭቃው ጠቆሙ።

ክቡርነታቸው ወደ እትዬ መዝገብ ዞሩ። «በእኔ ቤት እውነት የሚናገር ሰው ካገኘሁ ስንት ዘመኔ! የሚዋሃደውን መምሪያ አንቺ ምሪው።»

«ኧረ ጌታዬ፣ ጡረታዬ አራት ወር ነው የቀረው። ይልቅ ቁስልዎን ይታጠቡት።»

እውነት እንቢ ስላለች ሹመቱ ወደ ሌላ እጩ መዞር ነበረበት። ክቡርነታቸው ሁለቱን ኃላፊዎች ሲያመዛዝኑ ቆዩና በሚያስደንቅ ፍትሕ ፈረዱ። «ሁለታችሁም ዋሽታችኋል። እሱ ግን ቢያንስ ሱፉን አበላሽቷል።» በዚህ መስፈርት ኃላፊያችን የሁለቱ መምሪያዎች ኃላፊ ሆኑ።

አዲሱ ኃላፊ ከሐይቁ ትምህርት ሳይወስዱ አልቀሩም። በሥራ መጀመሪያቸው ሳምንት «እውነትን ለበላይ አካል በድፍረት ማቅረብ» የሚል የሦስት ቀን ሥልጠና አዘጋጁ። መገኘት ግዴታ ነው። አሠልጣኙ ራሳቸው ናቸው። በሁለተኛው ቀን ግንባራቸው ላይ ላብ እስኪወጣ ስለ ድፍረት ካስተማሩ በኋላ፣ «ጥያቄ ያለው? ማንንም ሳትፈሩ!» አሉ።

እትዬ መዝገብ እጇን አወጣች። «እርስዎ ያን ቀን ለምን አልነገሯቸውም?»

ከአዳራሹ ኋላ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ መዝገብ ቤት ወርጄ የሰጠኋትም እኔው። መነጽሯን አድርጋ ቀስ ብላ አነበበችው፤ ቁጥር ሰጠችው፤ በራሷ ፋይል ውስጥ በቦታው አስገባችው። ጥፋቷ በአንድ መስመር ተገልጿል፦ «ሥልጠናውን ሳታጠናቅቅ እውነት በመናገሯ።»