አማቴ የተሳለሙት ፍርድ ቤት

ዳላስ ውስጥ ሕንፃን በመልኩ የሚያምን ሰው ጉድ ይፈላበታል። እዚህ አገር ቤተ ክርስቲያን መጋዘን ይመስላል፤ ፍርድ ቤት ደግሞ ካቴድራል ይመስላል። የእኛን ደብር ተመልከቱ። በአንድ በኩል ጎማ ቤት፣ በሌላ በኩል የሴቶች ጥፍር ማስዋቢያ ቤት፣ መሃል ላይ ታቦቱ። ቅዳሴ ላይ የጎማ መፍቻው ድርርር ሲል ዲያቆኑ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ለምደነዋል። እግዚአብሔርም ሳይለምደው አይቀርም።

አማቴ እማማ አስካለ ግን አልለመዱትም። ከደብረ ብርሃን በመጡ ሰሞን ይዣቸው ሄድኩ። ግራ ቀኙን ቃኙና፣ ቤተ ክርስቲያኑ የታለ ብለው ጠየቁኝ። የቆምነው ውስጡ ነበር።

እማማ የመጡት ልጃቸው ከሞተች በኋላ ነው። ልጃቸው ሂሩት ሚስቴ ናት። ቪዛው የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነው። ስለዚህ ነገር ብዙ አልልም።

ከመጡ ጀምሮ አላለቀሱም። የአራት ዓመት ልጃችንን ያጥባሉ፣ ያበላሉ፣ ፀጉሯን ይሠራሉ። አዋቂዎች ያልወጣ ሐዘን ሰው ይጥላል ይላሉ። እሳቸውም ከወደቁ እኔና ልጄ ማንን እንይዛለን? ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን በስርቆት አያለሁ። እንባ እንደ ዝናብ የምጠብቅ ገበሬ ሆንኩ።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስታችን ከዳላስ በስተ ሰሜን ወዳለችው ዴንተን ከተማ ነዳን። አንድ ሰው ለልጄ አልጋ ሊሰጠን ነበር። ሀይዌዩ ተዘግቶ ስልኬ በከተማው አደባባይ በኩል መራኝ። ያንን መንገድ ሂሩት ከሞተች ወዲህ ረግጬው አላውቅም። አደባባዩ መሃል የድሮው ፍርድ ቤት አለ፤ ነጣ ያለ ድንጋይ፣ ቀላ ያሉ ዓምዶች፣ እንደ ቀስተ ደመና የጎበጡ በሮች፣ ከላይ ማማና ጉልላት።

እማማ አቁም አሉኝ። ፓርክ አደረግኩ። የልጄን ቀበቶ እስክፈታ ድረስ እሳቸው ጫማቸውን ሣሩ ላይ ትተው ሄደዋል። የቀኙን ዓምድ ሳሙ፣ የግራውን ሳሙ፣ ግንባራቸውን ከበሩ ላይ አሳረፉ። ከዚያ አለቀሱ። እንዴት ያለ ለቅሶ! አደባባዩ ላይ አይስክሬም የሚበላው ሁሉ ማንኪያውን አቆመ።

እኔ ደግሞ ምን ልበል? አማቴን ፍርድ ቤት አሳለምኳቸው።

ግን እስቲ ዝም ብላችሁ አትሳቁ፤ ስህተቱ የማን ነው? ሂሩት ሪቻርድሰን ከተማ ውስጥ በአንድ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ትሠራ ነበር። የምትነድፈው የመኪና ማቆሚያ ነው፤ ልቧ ግን የድሮ ድንጋይ ላይ ነበር። ስንፈላለግ ሌላው ወንድ ፍቅረኛውን ፊልም ሲጋብዝ እኔን ወደዚህ ፍርድ ቤት እያመጣች ታስተምረኝ ነበር። ነገሩ ከሮም ይጀምራል። ሮማውያን ድንጋይን በግማሽ ክብ ደርድረው ቅስት ማቆም ያውቁ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ይባል የለ? እነሱ ይህን በድንጋይ ተረቱት።

ሮም ወደቀች፤ ቅስቱ አልወደቀም። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የአውሮፓ መነኮሳት አነሱት። የእንጨት ጣሪያቸውን እሳት ቢያስቸግራቸው ጣሪያውንም በድንጋይ ቀለሱት። የድንጋይ ጣሪያ ግድግዳን ወደ ውጭ ይገፋል። ስለዚህ ግድግዳውን እንደ ምሽግ አወፈሩ፣ መስኮቱን አጠበቡ፤ ውስጡ ጨለማ ሆነ። ተሳላሚዎች ከአገር አገር ሲጓዙ ጥበቡም አብሯቸው ተጓዘ። ከቢዛንታይን ጉልላት፣ ከዓረቦች ሹል ቅስት ተማሩ። ሹሉ ቅስት ሸክሙን ወደ ታች ሰደደው፤ ከውጭ የድንጋይ ክንዶች ደገፉት፤ ግድግዳው ሳሳና በቦታው ባለቀለም መስታወት ገባ። ከጨለማ ወደ ብርሃን ለመድረስ ስንት ትውልድ! መሠረቱን የጣለው አባት ጉልላቱን ሳያይ ይሞታል። ይህን ስትነግረኝ አፌን ከፍቼ ነበር የማዳምጣት። ዛሬም ሳስበው ይከፈታል።

ቆይቶ አሜሪካኖች ያንን ክቡን ቅስት ወደዱና ፍርድ ቤታቸውን ሠሩበት። ሰው ሕግን እንደ እግዜር ይፍራ ብለው ይመስለኛል። ሶ፣ እማማ ምን አጠፉ? ድንጋዩ ስገዱ አለ፤ ሰገዱ። ልጄማ ካስል ነው፣ የንጉሥ ግንብ ነው ብላ ልዕልቷን ትፈልግ ጀመር።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ቅስት ሲሠራ መጀመሪያ ከሥሩ እንጨት ይቆማል። ድንጋዮቹ በእሱ ላይ ይደረደራሉ። የመጨረሻው ድንጋይ አናቱ ላይ ሲገባ እንጨቱን ያነሱታል። ያን ጊዜ ድንጋዮቹ ሁሉ መውደቅ ይፈልጋሉ፤ እርስ በርስ ስለሚደጋገፉ ግን አይወድቁም። ያኔ ለሂሩት እንጨቱ ያሳዝነኛል አልኳት። ሳቀችብኝ።

ለካ በዚያ እሁድ ደረጃው ላይ ሙሽሮች ፎቶ ሊነሱ ወረፋ ይጠብቁ ነበር። ፎቶ አንሺው መጥቶ ሴትዮዋ ደህና ናቸው ወይ አለኝ። አርክቴክቸር በጣም ይወዳሉ አልኩት። ራሱን በአክብሮት ነቀነቀ፤ ሙሽራዋም ዓይኗን ጠረገች።

እማማ ሲመለሱ ትከሻዬን ያዙ። እኔም የቆምኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እሳቸውን ነው የያዝኩት።

መኪና ውስጥ ሐሳብ በላኝ። ልንገራቸው? ያፍሩና እንባው ይደርቅ ይሆናል። ልተወው? በሚቀጥለው ስለት ይዘው ይመጣሉ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ የእኔን ያወጣው የትራፊክ መብራት ነው። ቀይ ላይ እንደቆምን፣ እማማ ይቅር ይበሉኝ፣ ያ ቤት ፍርድ ቤት ነው አልኳቸው።

ዞር ብለው አዩኝ። አማት ዞር ብላ ስታይ ታውቁት የለ?

“መስቀል የሌለው ጉልላት የማልለይ መሰለህ?” አሉ። “ልጄ እዚያ በር ላይ ቆማ የተነሳችውን ፎቶ ልካልኛለች። ፍርድ ቤት ነው ብላ ነግራኛለች።”

ታዲያ ለምን ሳሙት አልኩ።

“ቤተ ክርስቲያን ብሄድ እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሳ፣ ቻይው ይሉኛል። የተበደለ ሰው አቤት የሚለው ዳኛ ደጅ ነው።”

ጫማዎንስ ለምን አወለቁ?

“እሷ የቆመችበት ነዋ፣ አንተ ደግሞ!”

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላ ያለው ጡሩንባ ነፋ። ምን ተፈረደልዎ ብዬ ለመቀለድ ሞከርኩ። ተዘግቷል አሉ፣ አፍንጫቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ፤ እዚህም አገር ቀጠሮ ነው። ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቁት ያኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከቅዳሴ በኋላ ዴንተን እንሄዳለን። ልጄም ጫማ ማውለቅ ጀምራለች። ፎቶ አንሺው ሲያየን፣ አርክቴክቸር ወዳዶቹ መጡ ብሎ ለሙሽሮቹ ያስተዋውቀናል። በሩ ግን እሁድ እሁድ ዝግ ነው። በቀደም አንድ ወዳጄ፣ ያ ሕንፃ ሙዚየም ከሆነ ቆይቷል፣ ሙግት የሚታየው ሌላ ቦታ ነው አለኝ።

ለእማማ አልነገርኳቸውም። ይህንንም ቀድመው ሳያውቁት አይቀሩም።