ጋሽ ይልማ የበየዱት ሽቦ

እኔ የምለው፣ እናንተ ቤት የተበላሸ ዕቃ ስንት ቀን ይቆያል? እዚህ ቶሮንቶ፣ ፈረንጁ ጎረቤቴ ቶስተሩ አንድ ቀን ዳቦ ካሳረረበት በማግስቱ ደጅ ያወጣዋል። እኛ ጋ ግን ዕቃ ይሞታል እንጂ አይቀበርም። «ይሠራል እኮ፣ ትንሽ ነገር ነው የጎደለው» ይባልና ቤዝመንት፣ ከቤቱ ሥር፣ ይገባል። የኔ ቤዝመንት በዚህ ሕግ ነው የሞላው። ባለቤቴ ትርሲት ለመውረድ ስትነሳ አማትባ ነው።

ከዕቃዎቹ ሁሉ ትልቁ ፍሬዛዬ ነው። ፍሬዛ ለማታውቁት፣ ብረት የሚፈለፍል ማሽን ነው፤ እጀታ በእጅ እያዞሩ ብረቱን ወደ ስለቱ ያስጠጉታል። የዕድሜዬን ግማሽ የበላሁት በዚህ ሙያ ነው። ታዲያ አንድ ቀን ሥራ ቦታ ከማንሻው ያመለጠ ብረት ቀኝ እጄን አገኘው። ሐኪሞቹን እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ አምስቱም ጣቶቼ በቦታቸው አሉ። ይታጠፋሉ፣ ማንኪያ ይይዛሉ፣ ሰው ይጨብጣሉ። ጉልበት ግን የላቸውም። የፍሬዛ እጀታ ደግሞ ጉልበት ይጠይቃል። አሁን አንድ ኮንዶ በር ላይ ሴኩሪቲ ዴስክ ነው የምሠራው። የሕንፃውን ውሻ ሁሉ በስም አውቃለሁ፤ ባለቤቶቻቸውን ግን ገና ነኝ።

እና አንድ ወርክሾፕ ሲዘጋ ይህን አሮጌ ፍሬዛ ሰጡኝና ሐሳብ መጣልኝ። እጄ ማዞር ካልቻለ ሞተር ያዙርልኝ! ሲኤንሲ የሚሉት ይኸው ነው። ለኮምፒውተር ትነግረዋለህ፣ ኮምፒውተሩ ሞተሮቹን ያዝዛል፣ ሞተሮቹ እጀታዎቹን ያዞራሉ። ስቴፐር ሞተር ማለት በሥነ ሥርዓት ያደገ ልጅ ነው፤ «ሁለት መቶ ርምጃ ሂድ» ሲሉት ሁለት መቶ፣ «ቁም» ሲሉት ቁም። በኮምፒውተሩና በሞተሩ መሃል ደግሞ ድራይቨር የሚባል የዳዊት መጽሐፍ የሚያህል ጥቁር ሳጥን አለ፤ ለሞተሩ ኤሌክትሪክ እየሰፈረ የሚሰጠው እሱ ነው። ደህና ሲሆን አረንጓዴ ያበራል። ሲከፋው ቀይ።

ትርሲት መጀመሪያ አልተቃወመችም። ኋላ ግን እህቷ ገነት በስፖንሰር ልትመጣ ሆነ፤ የምታድረው ደግሞ ቤዝመንት ነው። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ቆማ ቁርጡን ነገረችኝ። «ገነት እስክትመጣ ከሠራ፣ ጥግ ይዞ ይቀመጥ። ካልሠራ ለቁርጥራጭ ብረት ሰብሳቢው ኮል አደርጋለሁ» አለች። አልፈርድባትም። ሆስፒታል ስተኛ ወንበር ላይ ያደረችው እሷ ናት፤ ብረት ማየት አስጠልቷታል። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያ ማሽን ከቤት ከወጣ ሙያዬም አብሮ መውጣቱ ነበር። ከዚያ በኋላ የቀረው የውሻ ስም ማጥናት ብቻ ነው።

ብቻዬን አልነበርኩም። ጋሽ ይልማ ነበሩ። ድሮ አዲስ አበባ ሬዲዮ ጠጋኝ የነበሩ፣ በሱዳን አድርገው እዚህ ሲገቡ እኔ ገና ትምህርት ቤት የነበርኩ አዛውንት ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ክሬሰንት ታውን የሚባል ሰፈር አንድ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ነገሩን ሲሰሙ በበረዶ፣ በእግራቸው መጡ። የሞተሮቹ ሽቦ አጭር ስለነበር ቀጥለው በየዱልኝ። ብየዳውንም በቀይ ናስትሮ ጠቀለሉና መታ መታ አድርገው «ይህን የቀጠልኩት እኔ ነኝ፤ ከኔና ከአንተ ዕድሜ በላይ ይኖራል» አሉ። ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው እየመጡ ያዩታል።

ማሽኑ ተነሳ፣ ሠራ፣ እልል አልን። በሦስተኛው ቀን ከግራ ወደ ቀኝ የሚሄደው ሞተር ማቃሰት ጀመረ። ይራመዳል፣ ይዘላል፣ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ድራይቨሩ ቀይ አበራ።

መቼም የሙያው ሕግ የታወቀ ነው። ሁለት ድራይቨሮች ታቀያይራለህ፤ ችግሩ ድራይቨሩን ተከትሎ ከሄደ ድራይቨሩ ነው፤ እዚያው ከቀረ ሞተሩ ወይም ሽቦው ነው። አቀያየርኩ። ችግሩ እዚያው ቀረ። ሞተሩንም ከሽቦው መሰኪያ ነቅዬ በሌላ ተካሁ። አሁንም ያው! እንግዲህ ምን ቀረ? ሽቦው። ሽቦውን ማን ቀጠለው? ጋሽ ይልማ።

እዚህ ላይ ፈረንጅ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? ደውሎ «ብየዳህ ችግር ያለበት ይመስለኛል» ይል ነበር። ሽማግሌውም «ኦ፣ ሶሪ» ይሉና ነገሩ ያልቃል። እኔ ግን የሰማንያ ዓመት ሰው፣ በበረዶ በእግራቸው የመጡ ሰው፣ ብየዳዎ ልክ አይደለም ልበል? አፌ ይሰበር! ስለዚህ ምን አደረግኩ? አዲስ ድራይቨር ኦርደር አደረግኩ። እሱም ቀይ አበራ፣ ከዚያ ጭራሽ ጠፋ። ሌላ ኦርደር አደረግኩ። ጥፋተኛው ድራይቨሩ እንዳልሆነ እያወቅኩ! እሱም ተቃጠለና የፊተኛውን መልሼ ገጠምኩ። ትርሲት በየጊዜው የሚመጣውን ፓኬጅ እያየች «ይሄ ሕመምተኛ ልብ ነው ወይስ ኩላሊት ነው የሚቀየርለት?» ትለኛለች።

እኔ እኮ በይሉኝታ የታወቅኩ ነኝ። ዳንፎርዝ መንገድ ላይ አንድ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ አንድ ቀን የራሴን ግራ ጎን ከቀኙ ሁለት ጣት ከፍ አድርጎ ላጨኝ። መስታወቱን ከኋላዬ ይዞ «እንዴት ነው?» ሲለኝ «ውይ በጣም ቆንጆ፣ እጅህ ይባረክ!» ብዬ ቲፕ ሰጥቼ ወጣሁ። ከዚያ ኮፍያዬን አጥልቄ በሰብዌይ ብሉር ድረስ ሄጄ ሌላ ፀጉር ቤት አስተካከልኩት። ይህም አልበቃኝም። እንዳያየኝ ብዬ ሁለት ክረምት ሙሉ በማዶው እግረኛ መንገድ ተመላለስኩ። ማዶው ደግሞ ፀሐይ የለውም፤ አንዴ አንሸራቶኝ ለትንሽ ወገቤ ተርፏል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አንድ የሚገርም ነገር ነበር። ቅዳሜ ጋሽ ይልማ መጥተው ከሄዱ ማሽኑ ደህና ይሆናል። ሙሉውን ቀን ዘፈን እንደያዘ ሰው እያንጎራጎረ ይሠራል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ዝም ብዬ ደስ እንደማለት፣ «እስቲ ሽቦውን ልፈትሽ» እልና ከድራይቨሩ ሶኬት አንድ በአንድ ፈትቼ በቴስተር እለካዋለሁ፤ መልሼም አስረዋለሁ። ሰኞ ቀይ። ምን ብዬ ደመደምኩ መሰላችሁ? ሽማግሌው ቅዳሜ ናስትሯቸውን ሲነካኩ ብየዳው ይገናኛል፣ አድሮ ይላቀቃል አልኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

የገነት ትኬት ተቆረጠ። አሥር ቀን ቀረ። ትርሲት ፍራሽ ገዛች። የብረት ሰብሳቢውን ስልክ ቁጥር ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። እኔም በፍሪጁ ባለፍኩ ቁጥር ላለማየት ፊቴን አዞራለሁ።

በመጨረሻ ዓርብ ዕለት እረፍት ነበርኩና ልቤን አጠነከርኩ። ተደብቄ ብየዳውን እከፍታለሁ፣ አስተካክላለሁ፣ ናስትሮ መልሼ እጠቀልላለሁ፤ ማን ያየኛል? ማሽኑን አጥፍቼ፣ የራሴን ቤት በር ዘግቼ፣ እንደ ሌባ ተንበርክኬ ቀዩን ናስትሮ ፈታሁት።

ምን አገኘሁ? የሚያበራ ብየዳ። ንጹሕ፣ ለስላሳ፣ እንደ ብር ቀለበት። ጎተትኩት፣ አጠፍኩት፣ ንቅንቅ አላለም። እንዲህ ያለ ሥራ ፋብሪካ ውስጥ እንኳ ብዙ አላየሁም። ያኔ ገመዱን ወደ ቦታው ልመልሰው ትንሽ ሳብ ባደርገው፣ በዚያኛው ጫፍ፣ ከድራይቨሩ ሶኬት አንዱ ሽቦ ዱብ ብሎ ወጣ።

ያንን ጫፍ ያሰርኩት እኔ ነበርኩ። ትንንሾቹን ብሎኖች በካቻቢቴ ያጠበቅኩት በዚህ በቀኝ እጄ ነው። ጠብቋል ብዬ ነበር። አልጠበቀም። ማጥበቅ አልቻለም። ለካ እሑድ እሑድ ስመረምር ነበር የማበላሸው! ማሽኑ እየሠራ ሽቦው ሲላቀቅ ድራይቨሩን ያቃጥለዋል፤ ሁለቱን አዳዲስ ድራይቨሮች የገደልኳቸው እኔው ነኝ። ባልዲ ገልብጬ ቁጭ አልኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እኔ ደግሞ የራሴን በሽታ በሽማግሌ ሰው ላይ ለጥፌ ከረምኩ። አለቀስኩ ብላችሁ ትስቁብኛላችሁ? አለቀስኩ።

ቅዳሜ ጋሽ ይልማ መጡ። ቀይ ናስትሮ አልቆብኝ በጥቁር ነበር የጠቀለልኩት። ኮታቸውን ሳያወልቁ አዩት።

«ከፈትከው» አሉኝ።

«ይቅር ይበሉኝ ጋሼ። ጠርጥሬዎት ነበር» አልኩ። «የርስዎ ብየዳ ደህና ነው። የላላው የኔ ብሎን ነው። እጄ… እጄ አላጠበቀውም።»

ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ካቻቢቴ አወጡና አሳዩኝ። «አውቃለሁ» አሉ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ ልታመጣ ስትወጣ፣ የማጠብቃት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን አይነግሩኝም?»

«ምን ብዬ? እጅህ አንዲት ብሎን አቃታት ልበልህ? ሐኪም ያላለህን እኔ ልበልህ?» አሉና ቀና ብለው አዩኝ። «አንተስ ብየዳዬን ስትጠረጥር ለምን አልነገርከኝም?»

እሳቸው ለኔ እጅ ሲያዝኑ፣ እኔ ለሳቸው ስም ስሳሳ፣ በመሃል ሁለት ድራይቨር ተቃጠለ። መጀመሪያ እሳቸው ሳቁ። ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፤ ትርሲት ምን ጉድ ነው ብላ ወርዳ እስክታየን። ያን ቀን የተሰማኝን ምስጋና በምን ቋንቋ ልናገረው? ስንት ሰው አለ፣ ጉድለትህን አይቶ ለሌላ የሚያወራ! እኚህ ሰው ግን ጉድለቴን አይተው ለኔ ለራሴ እንኳ አልነገሩም። በበረዶ እየመጡ ዝም ብለው ያጠብቁልኛል።

በዚያው ቀን ብሎኖቹን ሁሉ አጥብቀው ማሽኑን አስነሳነው። መጀመሪያ የሠራሁት ምን ይመስላችኋል? ለካቻቢቴ የሚሆን ወፍራም የአሉሚኒየም እጀታ፤ ጣት ሳይሆን መዳፍ የሚያዞረው። ትርሲት ደረጃው ላይ ሻይዋን ይዛ ቁጭ ብላ ከመነሻው እስከ መጨረሻው አየች። አረንጓዴው መብራት አንዴ እንኳ አልጠፋም። ሲያልቅ እጀታውን ተቀብላ በቀሚሷ ጠረገችና መልሳ በቀኝ እጄ አስጨበጠችኝ። ሽቅብ ወጥታም የብረት ሰብሳቢውን ቁጥር ከፍሪጁ ላይ ላጠችው። ገነት መጣች፤ ማሽኑ ከቦይለሩ ጎን ጥጉን ይዟል።

ከጋሽ ይልማ ጋርም ተማማልን። ከእንግዲህ በኛ መሃል ይሉኝታ የለም፣ የላላውን ላላ ነው እንባባል ተባባልን። ትምህርቱም ይኸው ነው ብዬ እዚህ ላይ ልጨርስላችሁ ነበር።

ግን በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ይልማ መጡ። ካቻቢቴያቸውን አውጥተው እያንዳንዱን ብሎን ሞከሩ። ሁሉም ጥብቅ ነው፤ በአዲሱ እጀታ በራሴ መዳፍ አጥብቄዋለሁ። «ጎሽ!» አሉኝ። ካቻቢቴውን ወደ ኪሳቸው መለሱ፣ ትንሽ ቆሙ፣ ኮታቸውን አነሱ። ሻዩ ሳይቀርብ ሄዱ። በመስኮት ሳያቸው ወደ ክሬሰንት ታውን ሲሄዱ እርምጃቸው ዝግ ብሎብኛል።

ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ፣ ማሽኑን አጥፍቼ፣ ድራይቨሮቹ ያሉበትን ሳጥን ክዳን ከያዙት ብሎኖች አንዷን ትንሽ አላላታለሁ። ጉዳት የላትም፣ ክዳን ብቻ ነው የምትይዘው። ቅዳሜ ይመጣሉ፣ ይሞክራሉ፣ ያገኟታል። አጥብቀዋት ይቀመጡና ሁለት ብርጭቆ ሻይ እስክንጨርስ እንጫወታለን።

ባለፈው ሳምንት ብሎኗን እያጠበቁ ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ይቺ እጅህ» አሉኝ፣ «ገና ነች ማለት ነው።»

«ገና ነች ጋሼ» አልኳቸው። «ዓመትም ሊፈጅባት ይችላል።»