እጅ ኪስ ውስጥ፣ ማዳም ጊስሌን

ባለፈው ሐሙስ የተላከልኝን ዕቃ ልቀበል አውቶቡስ ጣቢያ ብሄድ፣ ማዳም ጊስሌን ከአንድ ትልቅ ሻንጣ አጠገብ ተቀምጠው ለብቻቸው ሲያወሩ አገኘኋቸው። ለብቻ ማውራት የእሳቸው ጠባይ አይደለም። ፈረንሳይኛ በሚነገርባት በካናዳዋ ሪሙስኪ ከተማ፣ ወንዙ በረዶ ሆኖ ውሻ እንኳ ከቤት በማይወጣበት በየካቲት ወር፣ ማዳም ጊስሌን የሚያናግሩት ሰው አጥተው አያውቁም። አሁን ግን ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው፣ ፈተና በር ላይ እንደቆመ ተማሪ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

ወዴት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ካልጋሪ» አሉኝ፤ ወኅኒ የሚወስዷቸው ነበር የሚመስለው። «ልጄ ቤት። ዴላኒን ላያት።»

ዴላኒ የልጅ ልጃቸው ናት፤ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቷ ኢቭ ለሥራ ብሎ ወደ ምዕራብ ከሄደ ቆየ፤ እዚያው አግብቶ እዚያው ወለደ፤ ልጅቱ የምታውቀው እንግሊዝኛ ብቻ ነው። ማዳም ጊስሌን ደግሞ ከእንግሊዝኛ ጋር ሰላምታም የላቸው። እሑድ እሑድ በስልክ ይተያያሉ። ልጅቱ እጇን ታወዛውዛለች፤ አያትም ያወዛውዛሉ። ልጅቱ መዳፏን ስማ ትልካለች፤ አያትም ስመው ይመልሳሉ። ከዚያ ሁለቱም ፈገግ እንዳሉ ሲፋጠጡ ይቆዩና ኢቭ መጥቶ ስልኩን ይቀበላል። እነሆ አሁን ለሦስት ሳምንት፣ ባልና ሚስት ሥራ ሲሄዱ፣ አያትና የልጅ ልጅ ብቻቸውን አንድ ቤት ሊውሉ ነው።

«እስከ ዛሬ የተነጋገርነው በእጅ ነው» አሉኝ፣ ሁለት እጃቸውን ሰርቀው እንደተያዙ ሌቦች እያዩ። «በእጅ። እኔ።»

ያቺ የመጨረሻ ቃል ምን ያህል እንደከበደቻቸው ለመረዳት ማዳም ጊስሌንን ማወቅ ያስፈልጋል።

በየትኛውም ሰፈር፣ ማንም ሳይሾመው የተሾመ አንድ አስተማሪ አይጠፋም። ደመወዝ የለው፣ ጠመኔ የለው፣ የክረምት ዕረፍት የለው። ክፍሉ መንገዱ ነው፤ ተማሪው ያገኘው ሰው ሁሉ ነው። አንዱ መኪና እንዴት እንደሚቆም ያስተምራል፤ ሌላው ሽንኩርት እንዴት እንደሚከተፍ። የእኛ ሰፈር ሹም፣ ክብርት ፊታውራሪ ጊስሌን ዌሌ፣ የውጭ ደረጃችን ጠባቂና የስጋ ቤት ሰልፍ የበላይ መርማሪ፣ የሚያስተምሩት ፈረንሳይኛ ነው። ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ይነዱ ስለነበር፣ ከኋላቸው ሰው ሲንጫጫ ልባቸው አይሸበርም።

ልብ በሉ፣ ከተማችን ለመጤ ሰው የቋንቋ ትምህርት ቤት አላት፤ መምህራኑም ደጎች ናቸው። ማዳም ጊስሌንም ያከብሯቸዋል። «ክፍል ውስጥ ግን ሰው ሁሉ ታጋሽ ነው» ይላሉ። «ዓርብ ከሰዓት ስጋ ቤት ሄደህ ሞክረው። ከኋላህ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እየተቁነጠነጠ፣ ከአፍህ የወጣችው ቃል፣ ያቺ ያንተ ናት።»

ሕጋቸው አንድ ነው፤ እጅ ኪስ ውስጥ። ቋንቋ የጎደለው ሰው የሚናገረው በጣቱ ነው። ይሄን፣ ያንን፣ ሁለት፣ ትልቁን። ማዳም ጊስሌን ጣትህ ስትነሳ ካዩ «እጅ ኪስ ውስጥ» ይሉሃል፤ ከዚያ ቆመው ይጠብቃሉ። በመጠበቅ የሚስተካከላቸው የለም።

እኔ ይህን ሕግ የተማርኩት ሰፈሩ በገባሁበት ዕለት ነው። ያገሩ ሰው በሙሉ ባንድ ላይ ቤት የሚቀይርበት፣ የጁላይ የመጀመሪያ ቀን ነበር። ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ፍሪጅ ተሸክመን የውጭውን ጠመዝማዛ ደረጃ እኩሌታ እንደደረስን፣ አንዲት አጭር ሴትዮ ከላይ ብቅ አሉ። እጄ ስላልተፈታ በሩን እንዲከፍቱልን በአገጬ ጠቆምኩ። እሳቸው «ክፈቱልን» የሚለውን ቃል ቀስ አድርገው ነገሩኝና እስክደግመው ድረስ እጀታውን ይዘው ቆሙ። ባልደረባዬ ከታች ፍሪጁን በትከሻው ደግፎ እናቱን ይጣራል። እኔ ቃሉን እያገላበጥኩ አበላሸዋለሁ። በመጨረሻ በሩ ተከፈተ፤ ቃሉም ከነፍሪጁ ክብደት እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። በማግስቱ ስጋ በሊጥ ሸፍነው የጋገሩትን ይዘው መጡ፤ እሱንም ቢሆን ስሙን ሳልጠራ አልቀመስኩም። «አንቺ በለኝ፤ እርስዎ እያልክ አታስረጀኝ» ቢሉኝም፣ ለዚህ ብቻ አፌ እሺ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ የጥርሴ ነገር መጣ። ስልክ መደወል ለቋንቋ ተማሪ የሞት ሞት ነው፤ ፊት የለ፣ ጣት የለ፣ ፈገግታ አያድን። ጉንጬ አብጦ ደረጃውን ወጣሁና ጥርስ ሐኪም ቤት ይደውሉልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ስልኩን እጄ ላይ አስቀምጠው ከአጠገቤ ተቀመጡ። ደወልኩ፤ ጸሐፊዋ እንደ ሐምሌ ዝናብ ስትወርድብኝ ዘጋሁት።

«ጥርሱ ያንተ ነው» አሉና በፎጣ የጠቀለሉትን በረዶ ጉንጬ ላይ ያዙልኝ።

ከዚያ የቋንቋውን ቁልፍ ሰጡኝ። «አዲስ ነኝ። ቀስ ብለው ያናግሩኝ። ግን ያናግሩኝ» በል አሉኝ። የመጨረሻዋን እንዳልረሳት አጥብቀው አስጠነቀቁኝ። ሰው አዲስ መሆንህን ሲያውቅ ወይ ይጮኽብሃል፣ ወይ በደግነት ይተውሃል፤ የሚጎዳህም ጩኸቱ ሳይሆን ደግነቱ ነው አሉ። እንደገና ደወልኩና እንዳሉኝ አልኩ። ከወዲያ ማዶ ያለችው ሴት ትንፋሽ ወሰደች፤ ከዚያ ለሕፃን ሾርባ እንደሚያጎርስ ሰው ቃል በቃል አናገረችኝ። ጥርሱ ተነቀለ፤ ንግግሩ ግን አብሮኝ ቀረ። አሁን ያለሁበትን ሥራ ያገኘሁት በእሱ ነው። ሚስቴንም ያኔ ገና ሳላውቃት፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጀመሪያ ያልኳት እሱኑ ነው፤ እሷም ይኸው እስከ ዛሬ እያናገረችኝ ነው፣ ቀስ ማለቱን ብትተወውም።

ከእኔ በኋላ ተራው የማሪቪክ ሆነ። ማሪቪክ ከፊሊፒንስ የመጣች የአረጋውያን መኖሪያ ሠራተኛ ናት። እንግሊዝኛዋ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ችግሯም ይኸው ነበር። የኛ ከተማ ሰው ጨዋ ነው፤ ፈረንሳይኛህ ሲንገዳገድ ካየ አዝኖልህ ያለችውን እንግሊዝኛ ይዞልህ ይመጣል። ማሪቪክ ክፍል ውስጥ የተማረችውን በአፏ ይዛ ዳቦ ቤት ትገባለች፤ ገና ስትጀምር በእንግሊዝኛ ይመልሱላታል፤ ዳቦዋንም ፈረንሳይኛዋንም ይዛ ቤቷ ትመለሳለች።

ማዳም ጊስሌን ይህን ሲሰሙ ካፖርታቸውን ለበሱ። ዳቦ ቤቱን፣ መድኃኒት ቤቱን፣ ሱቁን በየተራ ዞረው አዋጅ አስነገሩ፤ ይህች ልጅ እንግሊዝኛ ስትናገር ሁላችሁም ደንቆሮ ናችሁ። ማሪቪክ ያንን ሰሞን ስታወራው ዛሬ ትስቃለች፤ ያኔ ግን ከተማው ተመካክሮ የጠላት መስሏት ነበር። ሳል ይዟት መድኃኒት ቤት ብትሄድ፣ ባለ መድኃኒቱ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ዲፕሎማው ከጀርባው ተሰቅሎ እያለ እንግሊዝኛ የሚባል አልሰማም አላት። እሷም ሳሏ ደረቅ ይሁን እርጥብ፣ ከመቼ ወዲህ እንደጀመራት፣ ሌሊት እንደሚብስባት ሁሉን እያላባት በፈረንሳይኛ ተናግራ ወጣች። ውጭ ማዳም ጊስሌን በአጋጣሚ የሚያልፉ መስለው ቆመዋል። ሽሮፑን ከእጇ ተቀብለው አዩትና፣ ልክ የሳሉን መድኃኒት ነው የሰጠሽ፤ እንግዲህ ገብቶታል ማለት ነው አሏት።

ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ቢንጎ አለ፤ የተጠራውን ቁጥር ካርድህ ላይ እየዘጋህ፣ ረድፉ ሲሞላ «ቢንጎ» ብለህ የምትጮኽበት ጨዋታ ነው፤ ማዳም ጊስሌን ተማሪ ካላቸው ቁጥር እንዲለምድ እዚያ ይወስዱታል። ፈረንሳይኛ ቁጥር ላይ ሲደርስ ጠባዩ ይበላሻል፤ ሰባ አምስት ለማለት «ስልሳ አሥራ አምስት» ነው የሚለው። አንድ ቀን ይኸው ቁጥር ሲጠራ ማሪቪክ ስልሳንም አሥራ አምስትንም ዘጋችና «ቢንጎ» ብላ ተነሣች። አዳራሹ ሙሉ ሽማግሌና ባልቴት ከረሜላውን ማኘክ ትቶ አያት። ካርዷ ሲታይ አንድ ሽማግሌ መቁጠር ያልቻለ ሰው ቤቱ ይቀመጥ ብለው አጉረመረሙ። ማዳም ጊስሌን ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ልጅቱ የሰማችው ልክ ነው፣ ኖርማን» አሉ። «ስልሳም ተብሏል፤ አሥራ አምስትም ተብሏል። ጥፋቱ የቁጥራችን ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ማሪቪክ ማክሰኞ ቀርታ አታውቅም፤ ኖርማንም ከረሜላቸውን የሚያካፍሉት ለእሷ ነው።

እንግዲህ እኚህ ሴት ናቸው አውቶቡስ ጣቢያ ተቀምጠው «በእጅ» እያሉ እጃቸውን የሚያዩት። እንግሊዝኛውን ሞክረውት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ግራ ቀኝ ቃኝተው፣ እንደ ኮንትሮባንድ ነጋዴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ከገና ወዲህ ማሪቪክ እያስተማረቻቸው መሆኑን ነገሩኝ። ወጥ ቤታቸው ውስጥ፣ መጋረጃ ተዘግቶ። ለሰፈሩ እንዳልተነፍስ አስማሉኝ።

«እና ጎበዝ ነዎት?» አልኩ።

«ወጥ ቤት ውስጥ ጎበዝ ነኝ» አሉ ፊታቸው ጠቁሮ። «ወጥ ቤት ውስጥ ማሪቪክ ታጋሽ ናት።»

ስሟ ሲነሣ ራሷ ማሪቪክ የሥራ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር፣ ለመንገድ የሚሆን ሳንድዊች ይዛ እየሮጠች ደረሰች። ሳንድዊቹን ሻንጣው ኪስ ውስጥ ስትከት፣ ትልቅ ቦርሳ ያዘለ አንድ መንገደኛ ወደ እኔ ቀርቦ የጋስፔ አውቶቡስ የት እንደሚቆም በእንግሊዝኛ ጠየቀኝ። አፌን ልከፍት ስል ማሪቪክ ጫማዬን ረገጠችው። መንገደኛው ፊቱን ወደ ማዳም ጊስሌን አዞረ። የማዳም ጊስሌን ቀኝ እጅ ተነሣች፤ ጣታቸው በስተኋላ ወዳለው ቀይ በር ተዘረጋች።

«እጅ ኪስ ውስጥ፣ ማዳም ጊስሌን» አለች ማሪቪክ በጠራ ፈረንሳይኛ።

ማዳም ጊስሌን የገዛ ውሻቸው የነከሳቸው ይመስል አዩዋት። ከዚያ እኔን አዩኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። ቀስ ብለው ሁለት እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ከተቱ። ጆሯቸው ቀላ።

«አውቶቡስ» አሉ በእንግሊዝኛ። «እዚህ የለችም። በር ቀይ... ኋላ በር ቀይ። እዚያ ነው ናት።»

መንገደኛው አልገባውም፤ ደግሞ ጠየቀ። ከመጀመሪያውም አብልጠው እያጣመሙ ደገሙለት። ፊቱ በራ፤ አመስግኖ ሄደ፤ በቀዩም በር ወጣ። ማዳም ጊስሌን በሩ እስኪዘጋ ድረስ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

«ገባው» አሉ በሹክሹክታ።

«ቢንጎ» አለች ማሪቪክ።

የካልጋሪ ጉዟቸው የሚጀምርበት የኬቤክ አውቶቡስ መጣ፤ ነጂው ሻንጣቸውን ወስዶ አውቶቡሱ ሆድ ውስጥ ከተተው። ማዳም ጊስሌን ግን ከቦታቸው አልተነሡም። መንገደኛ ስላልገባው ደግሞ ይጠይቃል፤ ልጅ ግን አትጠይቅም አሉን። ልጅ ካልገባት ትታ ወደ ጨዋታዋ ትሄዳለች። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ትታኝ ብትሄድስ?»

ከዚያ ተነሡና እኔን ከላይ እስከ ታች መዘኑኝ። «አንተ ዴላኒ ሁን» አሉ። ጢሜ ሸብቷል፤ ቢሆንም እዚያው ጣቢያው በር ላይ በጉልበቴ ተንበረከክሁ። ተሳፋሪዎች ዞር እያሉ አለፉን። ማዳም ጊስሌን እጃቸውን ኪሳቸው አድርገው ከፊቴ ቆሙ፤ በእንግሊዝኛም ጀመሩ።

«እኔ አያት ያንቺ ነው። አዲስ ነኝ። ቀስ ብሎ አናግሪኝ...»

እዚህ ላይ ጠፋባቸው። ማሪቪክ ልትነግራቸው አልፈለገችም፤ መጠበቅን የተማረችው ከእሳቸው ነዋ። ነጂው ጥሩምባውን ነፋ። ማዳም ጊስሌን እንደተንበረከክሁ ራሴን ሳሙኝ፤ ማሪቪክን አቅፈው ወዘወዟት። ያን ሁሉ ዓመት ልነግራቸው ያሰብኩት ብዙ ነገር ነበር፤ እሳቸው በከፈቱልኝ ቋንቋ ልናገረው ስል ግን አንድም ቃል አልመጣልኝ አለ። እጄ ተነሣች፤ መልሼ ኪሴ ከተትኳት።

«ስለ ጥርሴ አመሰግናለሁ» አልኩ።

«ጥርሱ ያንተ ነበር» አሉና ተሳፈሩ።

በሩ ተዘጋ። አውቶቡሱ ጥቂት ተንቀሳቀሰና ቆመ። በሩ እንደገና ተከፈተ፤ ነጂው ጭንቅላቱን ይዟል፤ ማዳም ጊስሌን ከደረጃው ላይ አንገታቸውን አውጥተዋል። እኔ ገና ከጉልበቴ አልተነሣሁም። ቁልቁል አዩኝ፤ ያዩት ግን እኔን አልነበረም።

«ግን» አሉ በእንግሊዝኛ፣ ሁለቱም እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ሆኖ። «ግን አናግሪኝ።»