ትንሽ ብቻ የቀራት ጥቅል ሽቦ

በየሰፈሩ «ትንሽ ብቻ ቀረው» የሚል ሰው አለ። የእኛ የሓድነት ሰፈሩ ክቡር መምህር ኣረፋይነ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ያልጀመሩት ነገር የለም፤ የጨረሱትም የለም።

ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ ያሰራቸው ከሽንብራ የማትበልጥ ጥቅል ሽቦ ናት። ከወሎ መጥታ ሱቅ የከፈተችው ጎረቤታችን ዙሀራ፣ እናቷ ታመው አልጋ ላይ ናቸው። መምህር ለእናትየው የራዲዮ መጥሪያ ሠሩላቸው፤ ቁልፉን ሲጫኑ መንገድ ማዶ ሱቁ ውስጥ ይጮሃል። ቀትር ላይ ግን የጣሪያው ቆርቆሮ ሲግል ሞገዱ ይንሸራተትና መጥሪያው ዝም ይላል። የብረት እምብርቷን ገፋ ሲያደርጉላት ሞገዱን የምትመልሰው ያቺ ሽቦ ናት። በኤሌክትሪክ እናስተካክላት ሲባል ደግሞ ባትሪውን በሦስት ቀን ትጨርሰዋለች።

ታዲያ ከመብራት ይሰካ ብላቸው፣ «መብራት በጠፋ ቁጥር እናትየው ድምፅ አልባ ይሁኑ?» አሉኝ ተቆጥተው፣ መብራቱን እኔ ያጠፋሁት ይመስል።

ከዚያ አንድ ነገር ተገለጠላቸው። የደወል ሰዓት ውስጥ ያለችው ስስ ክብ ሳህን ኤሌክትሪክ ሲነካት ትንሽ ትለመጣለች፤ የጥቅሏን የብረት እምብርት ገፋ ታደርጋለች፤ ባትሪም አትበላም ማለት ይቻላል። «ሓወይ፣ ወንድሜ፣ የደወል ሰዓትህን አንዴ ልየው?» አሉኝ። እኔ ጅሉ ሰጠኋቸው። በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ የምሄድበት አውሮፕላን ከአሉላ አባ ነጋ አየር ማረፊያ ተነስቶ በጣሪያዬ ላይ ሲያልፍ ነው የነቃሁት።

«ሰዓቱ እኮ በትክክል ይቆጥራል!» አሉ፣ ቅር ብሏቸው።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን ዙሀራ እንባዋ እየወረደ መምህር ቤት ገባች። «መምህር፣ ወላሂ ይበቃል! ትናንት እናቴ ውሃ ጠምቷት ስትጫን ስትጫን ዋለች፤ እኔ አልሰማሁም።»

«ትንሽ ብቻ ቀረው፣ ጓለይ፣ ልጄ...»

ያን ጠዋት አምጥተው ሳህኗን የበየዱበትን፣ ገና ያልቀዘቀዘውን መጥሪያ ከጠረጴዛው ላይ ብድግ አድርጋ ወጣች። መምህር አፈሩ። በማግስቱ ቀትር ላይ ሱቋ ደጃፍ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ተቀመጡ፤ ምሳ ብላቸው እምቢ አሉ። ፀሐዩ አናት ይበሳል።

ሰባት ሰዓት ላይ መጥሪያው ጮኸ።

ዙሀራ ስኳሩን ሚዛን ላይ ትታ በረረች። እኛ ሱቁን እየጠበቅን ቀረን። ስትመለስ እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር።

«ምን ሆኑ?» አሉ መምህር።

«ምንም! ‹ይሠራል ወይ ብዬ ነው› አለችኝ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ትንሽ...» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም።

ያን ቀን ማታ ሁለት የደወል ሰዓት ገዛሁ። አንዱን ለራሴ፤ ሌላውን እንዲፈቱት እንደታሸገ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው።