ቦዲቲና አረካ አንድ ክፍል ውስጥ

«ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ወረቀት በር ላይ ተለጥፎ ባየሁ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል። የባንክ በር ይሁን የክሊኒክ፣ ለውጥ የለውም። ምክንያቱም አንዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በደማቅ ፊደል አትሜ፣ አራቱንም ማዕዘን በፕላስተር ለጥፌ፣ ከሥሩ ደግሞ ስሜን ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ወዳጄ፣ ምናለ ፊርማው እንኳ ቢቀር?

ላጫውትህ። ለማንም ያልነገርኩትን ብልህ ውሸት ነው፤ ሶዶ ውስጥ ያልሰማው ሰው የለም። ግን ሌሎቹ ሲያወሩት ቅቤው ላይ ብቻ ይስቁና ያልፋሉ። የሚያሳፍረው ክፍል ከቅቤው በኋላ ነው የሚመጣው። እሱን ከእኔ ብትሰማው ይሻላል።

የምሠራው ንፁህ የዝንጅብልና የእንሰት ዘር እያባዛ ለገበሬ በሚያቀርብ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ነው። ዋናው ቢሮ ሶዶ ነው፤ ቅርንጫፎቹ ቦዲቲና አረካ። የኮምፒውተሩ ነገር በሙሉ የእኔ ነው። ኢንጂነር ይሉኛል። ያለኝ ዲፕሎማ ነው፤ ግን ኢንጂነር ያለኝን ሰው አርሜ አላውቅም። አንተ ብትሆን ታርማለህ?

የዘሩ ነገር ደግሞ የወይዘሮ አስቴር ነው። ወይዘሮ አስቴር የእርሻ ባለሙያችን ናት፤ ዕድሜዋ ከእናቴ ብዙም አያንስም። ዝንጅብል የሚያጠወልገው በሽታ አገሩን ሲያዳርስ፣ ንፁህ የተረፈውን ተክል ከየጓሮው አንድ በአንድ ለቅማ ያሰባሰበችው እሷ ናት። የትኛው መደብ ከየትኛው እናት ተክል እንደመጣ፣ የቱ እንደታመመ፣ የቱ እንደዳነ፣ ሁሉንም በደብተር ትጽፋለች። በእርሳስ። ለምን በእስክሪቢቶ አትጽፊም ስላት፣ ማሳ ላይ ዝናብ ይመታኛል፣ እርሳስ ዝናብ አይፈራም አለችኝ። መዝገቡ ከሌለ ዘሩ ዘር አይደለም፤ የታመመውንና ጤነኛውን ሥር በዓይን ለይቶ የሚያውቅ የለምና። ለገበሬው የተሳሳተ ሥር ሰጠኸው ማለት በሽታውን በኩንታል ጭነህ ጓሮው አደረስክለት ማለት ነው።

እንግዲህ እኔ ይህንን ሁሉ ወደ ዘመናዊ አሠራር ላስገባ ተነሳሁ። ስቶሬጅ ቨርቹዋላይዜሽን ይባላል። ስሙ አያስፈራህ። በየኮምፒውተሩ የተበታተነውን ፋይል ሰብስበህ፣ ዲስክ የታጨቀባቸው ሦስት ሳጥኖች ላይ ታስቀምጠዋለህ። ሦስቱን የሚያገናኝ ሶፍትዌር አለ። ሠራተኛው የሚያየው አንድ ትልቅ ጎተራ ብቻ ነው፤ ፋይሉ የትኛው ሳጥን ላይ እንዳለ ማወቅ አይጠበቅበትም። ሶፍትዌሩ ራሱ ፋይሉን ቆራርጦ፣ አባዝቶ፣ ለሦስቱም ያከፋፍላል። አንዱ ቢቃጠል ሁለቱ ይሠራሉ። አንዱ ሳጥን ሶዶ፣ አንዱ ቦዲቲ፣ አንዱ አረካ ይቀመጣል። ሐሳቡ ይኼ ነበር። ሐሳቡ አሁንም ትክክል ነው፤ ጥፋቱን ሐሳቡ ላይ እንዳታላክክ።

ለሠራተኛው ለማስረዳት ስብሰባ ተጠራ። እኔ ስለ ዲስክ ሳወራ ሰዉ ማዛጋት ጀመረ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የቢሯችን ሴቶች የቅቤ ማህበር አላቸው። ወላይታ ውስጥ ይኼ የታወቀ ነው፤ ለጊፋታ፣ ለዘመን መለወጫችን፣ ሴቶቹ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቅቤ እያዋጡ አንዷ ቤት ያጠራቅማሉ። ጊፋታ ሲደርስ ይካፈሉታል። ከቆጮ የሚሠራው ሙችዋ ያለ ቅቤ ምን ይሆናል? እናም እንዲህ አልኳቸው፦ እናንተ ቅቤያችሁን በሙሉ ወይዘሮ አስቴር ቤት ታስቀምጣላችሁ። ቤቷ እሳት ቢነሳ ምን ልትሆኑ ነው? ሦስት ቦታ ብትከፋፍሉት ግን አንዱ ቢጠፋ ሁለቱ ይተርፋሉ። ዳታም እንደዚሁ ነው!

ጭብጨባው ቤቱን ሞላው። ወይዘሮ አስቴር እያጨበጨበች በወላይትኛ ለጎረቤቷ የሆነ ነገር አንሾካሾከች። ሥራ አስኪያጁ አቶ መርክነህ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እኔም፣ አልዋሽህም፣ ያን ዕለት ቤቴ የገባሁት ደረቴን ነፍቼ ነው።

ሦስቱ ሳጥኖች መጡ። ለማገናኘትና ለመሞከር መጀመሪያ ሶዶ ላይ አንድ ላይ መሆን ነበረባቸው። አንዱን በአንዱ ላይ ደራርቤ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳቸው። ከላይኛው ላይ «ቦዲቲ»፣ ከመካከለኛው ላይ «አረካ»፣ ከታችኛው ላይ «ሶዶ» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። ጠረጴዛው ዘመም ያለ ስለነበር ከሥር ማስተካከያ ፈለግሁ። ወይዘሮ አስቴር ደብተሮቿን ይዛ መጣች። ሁሉንም ኮምፒውተር ላይ አስገብተን ጨርሰን ነበር። ከእንግዲህ ወረቀት አያስፈልግሽም አልኳት። ትንሽ አመነታች። «ታ ኢሻ፣ እርግጠኛ ነህ?» አለችኝ፤ ወንድሜ ማለቷ ነው። እርግጠኛ ነኝ አልኳት። ደብተሮቹን ተቀብዬ ሳጥኖቹ ሥር ወሸቅኳቸው። ልክ መጡ፤ ሳጥኖቹም ቀጥ አሉ።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበልህ? የቦዲቲው ክፍል በር አልተገጠመም ነበር፤ እስኪገጠም አልኩ። ተገጠመ። የአረካው መብራት መስመር አልተስተካከለም፤ እስኪስተካከል አልኩ። ተስተካከለ። መኪና ጠፋ። መኪና ሲገኝ እኔ ሥራ በዛብኝ። ስክሪኑ ላይ ቦዲቲ፣ አረካ፣ ሶዶ የሚሉ ሦስት አረንጓዴ ነጥቦች በየቀኑ ይበራሉ። አቶ መርክነህ ቦዲቲ እንዴት ነው ሲለኝ፣ በጣም ደህና ነው እላለሁ። ውሸት ነው? ሳጥኑ እኮ በጣም ደህና ነበር። አንድ ቀን ወይዘሮ አስቴር ከቦዲቲ ተመልሳ፣ ያንን ሳጥን ብፈልገው አጣሁት፣ የት ነው ያስቀመጥከው አለችኝ። ይኼውልህ፣ እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ብርድ ልብስ ውስጥ የሚያስገባኝ መልሴ ይኼ ነው። ቨርቹዋል ስለሆነ አይታይም አልኳት። አመነችኝ።

ዓመት አለፈና ጊፋታ ቀረበ። ቦዲቲ ገበያ ወርጄ ስድስት ኪሎ ለጋ ቅቤ ገዛሁ፤ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ሽታው ልብ የሚያጠፋ። ቤቴ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ ቀን ቀን ይግላል። ልጆቼ ደግሞ ቅቤ ካዩ ጣታቸው አያርፍም። የት ላስቀምጠው? ድርጅታችን ውስጥ ኤሲ ያለው አንድ ክፍል ብቻ ነው። የሰርቨሩ ክፍል። አንዱ ቁልፍ እኔ ጋ ነው፤ ሌላው ሁሉም የሚያውቀው ቦታ፣ ዘበኛው ክፍል ተሰቅሏል።

አርብ ከሰዓት ቅቤዬን ታቅፌ በራሴ ማስታወቂያ ሥር አለፍኩ። ኤሲው በደንብ የሚነፍሰው ከሳጥኖቹ አናት ላይ ነው። እዚያው ቦዲቲ ላይ አስቀመጥኩት። ከቦዲቲ መጥቶ ቦዲቲ ላይ ተቀመጠ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ያ ሳቅ አሁን ያመኛል።

ቅዳሜ ቀትር ላይ መብራት ሄደ፤ እስከ ሰኞ አልመጣም። ዘበኛችን ጋሽ ዳና ታማኝ ሰው ነው። ከዓለም ላይ ምንም ነገር ቢጠፋ እነዚያ ማሽኖች እንዳይጠፉ ብዬ አስጠንቅቄው ነበር። ጀነሬተሩን አስነስቶ ሁለቱንም ቀን ናፍጣ ሲሞላ ከረመ። ጀነሬተሩ ግን የሚመግበው ማሽኖቹን ብቻ ነው፤ ናፍጣ ይቆጥባል ብዬ ኤሲውን ከመስመሩ ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ሦስት ማሽን፣ የተዘጋ ክፍል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ። ጋሽ ዳና ትንሽ ሰነፍ ሰው ቢሆን ኖሮ ማሽኖቹ ጠፍተው ቅቤውም ዳታውም ይተርፍ ነበር።

ሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት መጀመሪያ የደረሰኝ ሽታው ነው። ቅቤው ቀልጦ በማራገቢያው ቀዳዳ ቦዲቲ ውስጥ ገብቷል። ከቦዲቲ ወደ አረካ፣ ከአረካ ወደ ሶዶ። ለጋ ቅቤ ውስጥ ውሃና አሬራ መኖሩን ታውቃለህ አይደል? ሦስቱም ተቃጥለዋል። የተረፈው ከሥር ያሉትን ደብተሮች አጥግቦ መሬት ላይ ረግቷል። ጋሽ ዳና ከኋላዬ ቆሞ፣ «ማሽኗ አልጠፋችም ነበር፣ ኢንጂነር፤ ዛሬ ጠዋት ጧ ብላ ነው የጠፋችው» አለኝ።

አሁን ወደሚያሳፍረው መጣን። ምን አደረግሁ መሰለህ? የእንሰት ቅጠሉን ሰብስቤ የላፕቶፕ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። አቶ መርክነህ ወይዘሮ አስቴርን አስከትሎ ሲመጣ፣ ይኼ ቅቤ ከየት መጣ አለ። እኔም፣ ጊፋታ ስለደረሰ ሴቶቹ ቀዝቃዛ ቦታ ፈልገው ያስቀመጡት ይመስለኛል፣ ማስታወቂያውንም አላነበቡት መሰል፣ አልኩት። ይመስለኛል አልኩ። ሰው ለመክሰስ ምን ያህል ትንሽ ቃል ይበቃል! ወይዘሮ አስቴርን ራሷን በዓይኔ እያየሁ ነው እንዲህ ያልኩት። እሷ ግን እኔን አላየችኝም። ተንበርክካ ደብተሮቿን ከቅቤው ውስጥ አንድ በአንድ እያነሳች በቀሚሷ ጫፍ ትጠርግ ነበር።

ሁላችንም ለስብሰባ ተጠራን። ቦርሳዬ ወንበሬ ሥር ነው፤ ሽታው አዳራሹን ሞልቶታል፤ እኔ በላብ ተጠምቄያለሁ። አቶ መርክነህ ተቆጥቶ፣ የማህበሩ ሴቶች መልስ ስጡ አለ። ከዚያ ወይዘሮ አስቴር ተነሳች። ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

«የእኛ ቅቤ አይደለም» አለች። «አምና ኢንጂነር ካስተማረን ጀምሮ አንድ ቦታ አናስቀምጥም። ሲሶው ቦዲቲ እህቴ ቤት ነው። ሲሶው አረካ ነው። የቀረው እኔ ቤት ነው። ማየት የፈለገ ይሄዳል፤ የእኛ ይታያል።»

የእኛ ይታያል። ወዳጄ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ የለመንኩት ያኔ ነው። ቤቱ በሙሉ ቀስ እያለ ወደ እኔ ዞረ። ትምህርቴን ከልብ የሰሙ ሰዎች እዚያ ቤት ውስጥ ነበሩ፤ ያልሰማው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ተነሳሁ። ስድስት ኪሎው ቅቤ የእኔ ነው አልኩ። ሳጥኖቹም ቦዲቲና አረካ ሄደው አያውቁም አልኩ። በሴቶቹ ላይ የተናገርኩትም ውሸት ነው አልኩ። ማንም አልጮኸብኝም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ዲስኮቹን አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ ጋ ወሰድኳቸው። ከሦስት አራት ዲስክ ላይ ትንሽ ነገር አነበበ፤ ግን ፋይሉ ተቆራርጦ የተከፋፈለ ስለሆነ የተገኘው ስብርባሪ ነው። የተረፉን ደብተሮቹ ናቸው። እርሳስ ዝናብ ብቻ ሳይሆን ቅቤም አይፈራም ለካ። ወረቀቱ እንደ መስታወት አሳልፎ የሁለቱንም ገጽ ጽሑፍ ባንድ ላይ ቢያሳይም፣ ከኋላው ነጭ ካርቶን እያስገባን እኔ አነብባለሁ፣ እሷ ታርመኛለች። ደብተር ያልተጻፈበት ያለፈው ዓመት ግን ጠፋ። ወይዘሮ አስቴር በዚያ ዕድሜዋ ማሳውን መደብ በመደብ እንደገና ለመመርመር ወጣች። ታሪኩ ያልታወቀውን መደብ ሁሉ አስነቅላ አስቃጠለች። ጤነኛ ሊሆን ይችላል እኮ አልኳት። ሊሆን ይችላል፣ ግን ለገበሬ ይመስለኛል ብዬ አልሰጥም አለችኝ። ያን ቃሌን የመለሰችልኝ ሆን ብላ ይሁን ሳታስበው፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

አዲሶቹን ሳጥኖች ራሴ አደረስኩ። የቦዲቲውን ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አድርጌ ወሰድኩት። አሁን ቦዲቲ ብትሄድ በዓይንህ ታየዋለህ።

ወደ ያኔው ልመልስህና፣ ከስብሰባው በኋላ በጊፋታ ዋዜማ ወይዘሮ አስቴር ቤቴ መጣች። ለልጆቹ ነው ብላ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ለባለቤቴ ሰጠቻት። ቅቤ ነው። ሴቶቹ ከቦዲቲው፣ ከአረካውና ከሶዶው ትንሽ ትንሽ አዋጥተው ልከውልኝ ነው። ተመዘነ፤ ስድስት ኪሎ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

እናም እስከ ዛሬ ድረስ ድርጅታችን ውስጥ ጠፍቶ፣ ከሦስት ከተማ ተሰብስቦ፣ ሳይጎድል የተመለሰ ነገር ቢኖር የእኔ ቅቤ ብቻ ነው።